ቅርንጫፍ የሌለው ሐረግ

በ2010 መግቢያ ላይ አዲስ አበባ በተካሄደው 14ኛው የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ የኅብረቱ አዲስ ሰንደቅ ዓላማ ይፋ ሆነ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መደቡ አረንጓዴ ነው፤ መሀሉ ላይ ነጭ ፀሐይ፣ ፀሐይዋ ላይ የአህጉሪቱ ካርታ፣ ዙሪያዋን ደግሞ በክብ የተሰደሩ ወርቃማ ኮከቦች አሉ። ለውድድር ከቀረቡት 106 ንድፎች መካከል የተመረጠው ይህ ሥራ የሠዓሊ ያደሳ ቦጂያ ነው። ያደሳ ኢትዮጵያ ተወልደው ኑሯቸውን ሲያትል ያደረጉ ሠዓሊና የግራፊክ ዲዛይን ባለሙያ ናቸው።

ስለ ባንዲራው ሲነሣ የሚወራው ስለ ቀለማቱ ትርጉም ነው፤ አረንጓዴው ተስፋ ነው፣ ኮከቦቹ አባል አገራት ናቸው ይባላል። ስለ ክቡ ግን ብዙም አይነገርም። ክቡ ደግሞ ከባዱ ክፍል ነው።

ያን ጊዜ የኅብረቱ አባላት 53 ነበሩ። 53 ነገር በክብ ላይ እኩል አራርቆ መደርደር ምን እንደሚመስል በእጁ የሞከረ ያውቀዋል። የአውሮፓ ባንዲራ ከ1955 ጀምሮ 12 ኮከብ ነው ያለው፤ አባላቱ ቢበዙም ቢያንሱም ቁጥሩ አይነካም። 12 ለኮምፓስ የሚመች ቁጥር ነው። ክቡን ባሰመሩበት መክፈቻ ልክ ዙሪያውን እየረገጡ ሲሄዱ ስድስት ነጥብ ይወጣል፤ እያንዳንዱን ክፍተት ለሁለት ሲከፍሉት 12 ይሞላል። 53 ግን ከራሱና ከአንድ በቀር ለምንም የማይካፈል ቁጥር ነው። ጀርመናዊው ጋውስ በ1796፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ባለ 17 ጎን እኩል ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ዋንትዜል የትኞቹ ቁጥሮች በዚህ መንገድ ፈጽሞ እንደማይሠሩ አረጋገጠ። 53 ከማይሠሩት ወገን ነው። 54ም፣ 55ም እንደዚሁ። (51 ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር፤ 51 ሦስት ጊዜ 17 ነውና።) ስለዚህ በእጅ የሚሠራ ሰው 360ን ለ53 ያካፍላል፣ 6.79 ዲግሪ ገደማ ያገኛል፣ እየለካ ይሄዳል። ጥቂት ጥቂት ስሕተት እየተጠራቀመ የመጨረሻው ኮከብ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ወይ ይጋፋዋል ወይ ይርቀዋል። ኮምፒውተር ላይ ይህ ሁሉ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው።

ቁጥሩም ቆሞ አልጠበቀም። በ2011 ደቡብ ሱዳን ገባች፣ 54 ሆኑ። በ2017 ሞሮኮ ተመለሰች፣ 55 ሆኑ። በአሜሪካ ባንዲራ ላይ እንዳሉት ዓይነት በረድፍ የተደረደሩ ኮከቦች ቢሆኑ አንዱን ረድፍ ማስረዘም፣ ሌላውን ማሳጠር ይቻላል። ክብ ላይ ግን አንድ ሲጨመር የሁሉም ቦታ ይለወጣል። መሶብ ከቦ የተቀመጠ ቤተሰብ ላይ እንግዳ ሲደርስ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እንደሚባለው ነው፤ እንግዳው የሚቀመጠው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ የሚንቀሳቀሱት ግን ሁሉም ናቸው። 53ቱ በ6.79 ዲግሪ ይራራቁ ከነበረ፣ 55ቱ በ6.55 ዲግሪ ይጠጋጋሉ።

አንድን ነገር በጎበጠ መስመር ላይ እየደጋገሙ ማስኬድ፣ ለጥጉና ለትራፊው መላ መፈለግ፣ ለኢትዮጵያውያን ከኮምፒውተር ጋር የመጣ እንግዳ ሥራ አይደለም። ስምም አለው፤ ሐረግ ይባላል።

ቃሉ በአማርኛ ብዙ ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ተክሉ ነው፤ በአጥርና በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣው። ሁለተኛ የትውልድ መስመር ነው፤ የዘር ሐረግ እንላለን። ሰዋስው የተማረ ደግሞ ቃላት ተያይዘው ዓረፍተ ነገር ሳይሞሉ የሚቀሩበትን ክፍል ሐረግ ብሎ ያውቀዋል። በብራና መጻሕፍት ዓለም ሐረግ ማለት በገጹ ራስጌ ላይ ተጀምሮ በግራና በቀኝ የሚወርደው፣ አንዳንዴም በሁለቱ ዓምዶች መካከል የሚገባው የተጠላለፈ ጌጥ ነው። አራቱም ትርጉሞች የሚጋሩት ነገር አለ። ሐረግ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ያድጋል፣ ይጠመዘዛል፣ ይቀጠላል፣ ይከፈላል። የመጨረሻውን እንያዘው።

ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ይቻላል። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በካርበን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ አርፏል። በመግቢያ ገጾቻቸው ላይ የአውሳብዮስ ሰንጠረዦች አሉ፤ በአራቱ ወንጌሎች ውስጥ የሚመሳሰሉት ክፍሎች በቁጥር የተነጻጸሩባቸው። ቁጥሮቹ በዓምዶች መካከል ተጽፈዋል፣ ዓምዶቹ ላይ ቅስት ተቀምጧል፣ ቅስቱ ውስጥ ደግሞ ባለ ቀለም ንድፍ እየተደጋገመ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያልፋል። ይህ ከነተፈጥሮ ችግሩ በኩርባ ላይ የሚደጋገም ንድፍ ነው። ቅስት ሁለት ርዝመት አለው፤ የውጩ ጠርዝ ረጅም፣ የውስጡ አጭር። በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ አራት ማዕዘን ቅርጽ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ካላለ መስመሩን አይዝም። ሠዓሊው ይህን የሚያስተካክለው በዓይኑ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጥቂት ቢሰፋ ተመልካች አይቆጥርበትም።

ሐረግ በሙሉ ጉልበቱ የሚታየው በኋላ፣ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፉት መጻሕፍት ነው። ከሁሉም በላይ የጉንዳ ጉንዶ ሥራዎች ይጠቀሳሉ። ጉንዳ ጉንዶ በትግራይ አጋሜ ውስጥ ያለ፣ የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት ገዳም ነው። እነዚህ መነኮሳት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ብዙ መከራ የተቀበሉ ናቸው። ከዚያ ዘመን ቀጥሎ፣ በ15ኛው መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ፣ በገዳሙ የተሠሩት መጻሕፍት ሐረጋቸው የትኛው ክር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ በጣት ካልተከተሉት የማይያዝ ጥልፍልፍ ነው። ከነዚህ ወንጌሎች አንዱ ዛሬ በባልቲሞር ዎልተርስ ሙዚየም ይገኛል፤ ገጾቹ ሁሉ በኢንተርኔት ይታያሉ።

የሐረግን አሠራር ለመረዳት ጌጡን ሳይሆን አቀማመጡን ማየት ይሻላል። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያወጣል፣ ለጽሑፉም ለጌጡም ቦታ ይለካል። ሐረጉ በራስጌው አግድም ይሄዳል፤ እዚህ ቀጥ ያለ ክፍል አለ። ገጹ ጫፍ ሲደርስ ወደ ታች ይታጠፋል፤ እዚህ ማዕዘን አለ። ኅዳጉን ይዞ ይወርድና በቅጠል ወይም በቀንድ መሳይ ጅራት ያልቃል፤ እዚህ ጫፍ አለ። በሁለቱ ዓምዶች መካከል የሚገባው ደግሞ ከአግድሙ መሀል ላይ ተገንጥሎ ይወርዳል፤ እዚህ መስቀለኛ አለ። በመስቀለኛውና በማዕዘኑ ላይ ብዙ ጊዜ ከተራው ጥልፍ የተለየ፣ ለብቻው የታሰበ አራት ማዕዘን ቋጠሮ ወይም መስቀል ይቀመጣል። በመካከል ያለው ተራው ክፍል ይደጋገማል፤ እጅ ከለመደው በኋላ ሐሳብ አይጠይቅም። ሐሳብ የሚጠይቁት መታጠፊያው፣ መገንጠያውና ማለቂያው ናቸው። የሠዓሊ ችሎታ የሚለየውም እዚያ ነው።

ሲያትል እዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር ስደት ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ወደ ከተማዋ እየመጡ በቼሪ ጎዳናና በሬኒየር ጎዳና ዙሪያ ምግብ ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር አቋቁመዋል፤ ዛሬ የከተማው አስተዳደር ራሱ ማስታወቂያውን በአማርኛ ያወጣል። ሁለተኛው በር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ሰው በጠረጴዛው ላይ ሆኖ መጽሐፍና ጋዜጣ እንዲያሰናዳ ያደረገው ሶፍትዌር ከዋና ዋና መነሻዎቹ አንዱ ይህች ከተማ ናት።

በ1984 ፖል ብሬነርድ የተባለ፣ በጋዜጣ ሥራ ያለፈ ሰው ከጥቂት መሐንዲሶች ጋር ሲያትል ውስጥ አልደስ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ በአሮጌው የከተማዋ ክፍል በፓዮኒር ስኩዌር ነበር። በ1985 ፔጅሜከርን አወጣ፤ ከአፕል ማኪንቶሽና ከሌዘር ማተሚያ ጋር ተዳምሮ የዘመኑን የማተሚያ ቤት ሥራ ገለበጠው። በ1988 ቴክሳስ ውስጥ ያለ አልትሲስ የተባለ ድርጅት የሠራውን ፍሪሃንድን አልደስ አሳትሞ ሸጠ። ፍሪሃንድ የካሊፎርኒያው አዶቢ ከአንድ ዓመት በፊት ላወጣው ኢለስትሬተር ዋና ተቀናቃኝ ሆነ። በ1994 አዶቢ አልደስን ገዛው፤ ፍሪሃንድ ግን በውድድር ሕግ ምክንያት ወደ አልትሲስ ተመለሰ። አዶቢ ሲያትልን አልለቀቀም፤ ከ1998 ጀምሮ በፍሪሞንት ሰፈር ከቦዩ ዳር ሰፍሯል። በ1999 የወጣው ኢንዲዛይንም ሥሩ እዚያው ሲያትል ውስጥ የአልደስ ሰዎች የጀመሩት ሥራ ነው።

አልደስ የሚለው ስም የተወሰደው ከቬኒሱ አሳታሚ ከአልዶ ማኑዚዮ ነው፤ በ1515 ነው የሞተው። የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በሮም የታተመው በ1513 ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቋንቋውን በከተማዋ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ተምሮ ነበር ያሳተመው። ያ ማለት ማኑዚዮ በቬኒስ ሲያትም፣ የጉንዳ ጉንዶ መነኮሳት ሐረጋቸውን ሲስሉና ፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ሲወጣ አንድ ትውልድ ነው። ያ ትውልድ ጌጥን በሁለት መንገድ ይሠራ ነበር ማለት ነው። በአንድ በኩል የመቃ ብዕር ያዥው ሐረጉን ያሳድገዋል። በሌላ በኩል በአውሮፓ ማተሚያ ቤቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ፊደል ከብረት የሚቀረጹ ትንንሽ የአበባ ቅርጾች እየተለመዱ ሄዱ፤ ፊደል ለቃሚው ከሣጥኑ እያነሣ ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል፣ ሲደረደሩ ክፈፍ ይሆናሉ። ለማዕዘኑ ሌላ ቅርጽ ያስፈልጋል፣ መስመሩ በቁራጮቹ ልክ ካልተካፈለ በመካከል ባዶ ብረት ይገባል። የኮምፒውተሩ ጌጥ የወረሰው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው።

ኮምፒውተሩ ከብረቱ የሚበልጥበት ነገር መጎበጥ መቻሉ ነው። ብረት አይጎብጥም። የኮምፒውተሩ ጥምዝ መስመር የመጣው ደግሞ ከፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ነው፤ በ1959 ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮን፣ ጥቂት ቆይቶ ፒየር ቤዚየር በሬኖ፣ የመኪና አካልን ጥምዝ በጥቂት ነጥቦች የሚገልጽ ሒሳብ አወጡ። ሲትሮን የደ ካስቴልዦን ሥራ በምስጢር ስለያዘው ስሙን ቤዚየር ወሰደ። አዶቢ በ1984 ያወጣው ፖስትስክሪፕት የተባለው የማተሚያ ቋንቋ በዚህ ጥምዝ ላይ ተመሠረተ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የቬክተር ሥዕል ሶፍትዌሮችም ተከተሉት። ሁለት ጫፍና ሁለት መሪ ነጥብ ይሰጡታል፤ መስመሩ በመሪዎቹ ተስቦ ይጎብጣል።

ለጌጥ ሠሪ ግን ይህ ጥምዝ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ርዝመቱን በቀላል ቀመር ማስላት አይቻልም። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእኩል የሒሳብ እርምጃ ቢሄዱበት በመሬት ላይ እኩል ርቀት አይሸፍኑም፤ አንዱ ቦታ ይጣደፋል፣ ሌላው ቦታ ያዘግማል። በዚያ እርምጃ ኮከብ ቢደረድሩበት በአንዱ ክፍል ይተፋፈጋል፣ በሌላው ይሳሳል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ መስመሩን በጣም ትንንሽ ቀጥ ያሉ ክፍሎች አድርጎ ይቆራርጠዋል፣ ርዝመታቸውን ይደምራል፣ ከዚያ ነው በእኩል ርቀት የሚያካፍለው። ወስፌውን ይዞ ብራና የሚለካው ጸሐፊ ከሚያደርገው በመሠረቱ አይለይም፤ በፍጥነት እንጂ።

በ1998 የወጣው ኢለስትሬተር 8 ፓተርን ብራሽ የሚባለውን መሣሪያ ይዞ መጣ። አሠራሩ ግልጽ ነው። ተጠቃሚው አንድ ቁራጭ ንድፍ ያዘጋጃል፤ ስሙ ታይል ነው፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ እንደሚነጠፈው። ሶፍትዌሩ ያን ታይል በተሰጠው መስመር ላይ እየደጋገመና አብሮ እያጎበጠ ያስኬደዋል። ታይሎቹ እስከ አምስት ይሆናሉ፤ አንዱ ለጎን፣ አንዱ ለውጭ ማዕዘን፣ አንዱ ለውስጥ ማዕዘን፣ አንዱ ለመጀመሪያው ጫፍ፣ አንዱ ለመጨረሻው ጫፍ። ሐረግን የሚያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ ማደነቁ አይቀርም። መሣሪያውን የነደፉት ሰዎች ስለ ጉንዳ ጉንዶ ያስቡ ነበር ለማለት ምክንያት የለም፤ ችግሩ ራሱ ነው መልሱን የሚያስገድደው። የሚደጋገም መስመር የሚሠራ ሁሉ ወደነዚያው ቦታዎች ይደርሳል።

ትራፊውም መልስ ተሰጥቶታል። መስመሩ በታይሉ ርዝመት በትክክል ካልተካፈለ ሦስት ምርጫ አለ። ታይሉን ማስረዘም ወይም ማሳጠር፤ በታይሎቹ መካከል ክፍተት መጨመር፤ ወይም ታይሉም ክፍተቱም ሳይነኩ እንዲቀሩ ንድፉን ከመስመሩ ጥቂት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማውጣት። ሦስቱም በእጅ የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቋቸው ማምለጫዎች ናቸው። ኢንዲዛይንም ለቁርጥራጭ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀርባል፤ ማዕዘኑ ላይ እንዲስማማ ሰረዙ ይስተካከል፣ ክፍተቱ ይስተካከል ወይስ ሁለቱም? በነጻ የሚገኘው ኢንክስኬፕም በ2008 ንድፍን በመስመር ላይ የሚያስኬድ የራሱን መሣሪያ ጨመረ፤ ምርጫው አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ተስቦ፣ ተደጋግሞ፣ ተደጋግሞና ተስቦ የሚል ነው። ማዕዘን ለረጅም ጊዜ ራስ ምታት ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ዲዛይነር የማዕዘኑን ታይል መሥራት ስለሚሰለቸው ጥጉን ባዶ ይተወው ነበር፤ በ2013 ኢለስትሬተር የማዕዘኑን ታይል ከጎኑ ታይል ራሱ እንዲያወጣ ተደረገ። ይህ ለሥራ ምቹ ነው። ግን ጸሐፊው ከሁሉ በላይ የሚያስብበትን ቦታ ነው ማሽኑ የተረከበው።

አምስቱ ታይሎች ውስጥ የሌለው አንድ ነገር መገንጠያው ነው። ብሩሹ የሚሄደው በአንድ መስመር ላይ ነው፤ መስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ወይም ዞሮ ይገጥማል፣ ግን ቅርንጫፍ አያወጣም። በሁለቱ ዓምዶች መካከል የሚወርደው ሐረግ በዚህ መንገድ አይሠራም። የሚሠራው ሁለት መስመር አንዱን በሌላው ላይ በመደረብ ነው፤ ሲደረብ ደግሞ ክሩ ከክር ጋር አይገናኝም። አንዱ ጥልፍ በሌላው ላይ ተቆርጦ ይቀመጣል እንጂ ከውስጡ አይወጣም። ሐረግን ሐረግ ያሰኘው ጠባይ፣ መከፈሉ፣ መሣሪያው ውስጥ ቦታ የለውም። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ማየት ትክክል አይመስልም። ብሩሽ ለድንበር የተሠራ ነው፤ ድንበር አይወልድም።

እዚህ ላይ ከሽመና ጋር ያለውን ልዩነት ማንሣት ይጠቅማል፤ ሰው ሁለቱን ያደባልቃልና። የቀሚስና የነጠላ ጥበብ ለብሩሹ የተፈጠረ ይመስላል። ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች፣ ብዙዎቹ የጋሞ ደጋ ልጆች፣ ንድፉን የሚሠሩት ክር እየቆጠሩ ነው። ድሩ ላይ ባለ ቀለሙ ክር በማጉ ጎን ይገባል፤ ከዚህኛው ክር እስከዚያኛው እየተባለ ይቆጠራል። ውጤቱ በባሕርዩ ታይል ነው፤ አንድ መስቀል፣ አንድ ቅንጣት፣ ተመልሶ መስቀል። ድሩ ቀጥ ስለሆነ ጥበቡ አይጎብጥም። አንገት ላይ ኩርባ ሲያስፈልግ ሸማኔው ለጠላፊ ይለቃል፤ መርፌ ወደፈለገበት ይዞራል። ስለዚህ የጥበብን ንድፍ ወስዶ በክብ መስመር ላይ ማስኬድ፣ ዛሬ በየሠርግ ጥሪው ላይ የሚታየው፣ ሸማኔ ሠርቶት የማያውቀው አዲስ ነገር ነው። መጥፎ አይደለም። ግን በውስጥ ጠርዙ ላይ ቅንጣቶቹ ሲጨማደዱ፣ በውጭው ሲለጠጡ፣ ክሩን የሚያውቅ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ኩርባው ከጌጡ ወርድ እኩሌታ ይልቅ ሲጠብ ደግሞ ውስጠኛው ጠርዝ በራሱ ላይ ይታጠፋል፤ መስቀሉ መስቀል መሆኑ ይቀራል።

ፊደሉ ከዚህ የተሻለ ዕድል ነበረው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ ከሲያትል ሐይቅ ማዶ ያለው ማይክሮሶፍት በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ አብሮ ሰጠ። አራት ነጥቡም፣ ሁለት ነጥቡም፣ ጸሐፍት ክፍል ለመለየት በመስመር የሚደረድሯት ፠ እንኳ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሐረግ ግን ቁጥር አይሰጠውም፤ ፊደል አይደለምና። በዲጂታሉ ዓለም ያለው ቦታ የሥዕል ፋይል ነው፤ ፋይሉ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ቀን ከአንድ መጽሐፍ ገልብጦ ያዘጋጀው ታይል ነው።

በዚህ ምክንያት ነው አንድ ዓይነት ሐረግ በብዙ ቦታ የሚታየው። የማኅበር ጽዋ ማስታወሻ፣ የጥምቀት ፖስተር፣ የምግብ ቤት ዝርዝር፣ የግጥም መድብል ሽፋን፣ ሲያትል ይታተም ዋሽንግተን ዲሲ ወይም አዲስ አበባ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጥልፍ ያው ነው። ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ አንድ ታይል አርባ ጊዜ ተደግሞ ዙሪያውን ይዞራል። ጥበብም ይህን መንገድ ሄዷል፤ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ የታተመው ንድፍ ገበያ ገብቶ ከሸማኔው ጋር እየተሻማ ነው። በጥበቡ ላይ የተበዳዩ ማንነት ግልጽ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። በሐረጉ ላይ ግን የተበደለ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የጠፋው ገበያ አይደለም፤ ውሳኔው ነው። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ የአያቱን መጽሐፍ ጌጥ የሚያውቀው ማዕዘኑ ላይ በተቆረጠ፣ መገንጠያ በሌለው ክፈፍ ከሆነ፣ ሐረግ ማለት ክፈፍ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

ምንጩ ግን ከመቼውም ይልቅ ቅርብ ነው። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ሚኒሶታ በኮሌጅቪል ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። የዎልተርሱ ወንጌል ገጾች በትልቁ ተነሥተዋል፤ አንድ ማዕዘን ሞልቶ እስኪታይ ማቅረብ ይቻላል። ሐረጉን ከዚያ የሚገለብጥ ዲዛይነር የመጀመሪያው ፈተና የሚሆንበት ታይሉን የት ቆርጦ እንደሚያወጣ ነው። ተራው ጥልፍ ተመሳሳይ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ሲቆጥር ግን አንዱ ዙር ከቀጣዩ ይሰፋል፣ አንዱ ቦታ ቀለሙ ተራውን ይስታል፣ ወደ ማዕዘኑ ሲቃረብ ጥልፉ ቀስ በቀስ እየጠበበ ይመጣል። ጸሐፊው ትራፊውን የበተነው በዚህ መንገድ ነው፤ ከመጨረሻዎቹ አራትና አምስት ዙሮች ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ። ሶፍትዌሩ የሚያስረዝመው ወይም የሚያሳጥረው ሁሉንም እኩል ነው።

በቬክተር ሶፍትዌርም ቢሆን ይህን መሥራት ይቻላል፤ ረጅም መንገድ ነው እንጂ። ብሩሹ ለቀጥታው ክፍል ብቻ ይያዛል። ራስጌው አንድ መስመር፣ ግራና ቀኙ ሁለት፣ የመሀሉ አንድ፣ በድምሩ አራት መስመሮች ለየብቻ ይሰመራሉ፣ ጫፎቻቸውም ሳይገናኙ ይቀራሉ። ከዚያ ብሩሹ ወደ ተራ ቅርጽ ይፈታል፤ ከዚህ በኋላ መስመሩን ቢጎትቱት ጌጡ አብሮ አይጎተትም፣ እያንዳንዱ ክር ግን ለብቻው ይያዛል። በሦስቱ ክፍት ቦታዎች፣ በሁለቱ ማዕዘኖችና በመገንጠያው ላይ፣ ቋጠሮው በእጅ ይሳላል፤ ከአግድሙ የመጣው ክር ከታች ገብቶ ከላይ እየወጣ ወደሚወርደው እንዲያልፍ ነጥብ በነጥብ ይያያዛል። ለአንድ ገጽ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ አብዛኛው ሰዓት የሚሄደው ግን በሦስቱ ቋጠሮዎች ላይ ነው።